የኋላው ክፍል ድምፅ

ያን ዕለት ጠዋት ይትባረክ እንደ ወትሮው ሚስቱን ፀደንያን ቀድሟት ተነሣ። ፊቱን ታጥቦ፣ ሻዩን በብርጭቆ ይዞ ወደ ኋላው ክፍል ገባ። ፀደንያ ያረመቻቸውን የፈተና ወረቀቶች ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነበር። ኮሌጅ ሒሳብ ታስተምራለች፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእሷ ነው።

«ፀዲ፣ እስቲ ነይ ስሚው» አላት ከውስጥ።

«ይረፍድብኛል።»

«ለአንድ ትንፋሽ ብቻ።»

ገብታ እንደ እሱ አጎንብሳ ጆሮዋን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከኮምፒውተሩ ጎን፣ የውጭ ሽፋኑ የወለቀ ሃርድ ዲስክ በሁለት መጻሕፍት መካከል በጠርዙ ቆሟል። የማራገቢያው ድምፅ ይጎላል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሩቅ ንብ ቀጭን፣ ያልተቋረጠ ድምፅ ይሰማል።

«ዛሬ አያንኳኳም» አለ ይትባረክ።

«ዳነ ማለት ነው?»

«እሱስ አይድንም። ያለውን ተናግሮ እስኪጨርስ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከአሮጌ ፖስታ ላይ ወረቀት ቀደደ። በወፍራም ማርከር «እንዳይጠፋ» ብሎ ጻፈና በፕላስተር ማሽኑ ላይ ለጠፈው።

«ለማን ነው? እኔና አንተ ብቻ ነን እኮ።»

«እጅ አይታመንም፤ በልማድ ያጠፋል።»

ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አኖረ። ለምሳ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ረፋዱ ላይ፣ ሰሌዳው ፊት ቆማ ሳለች ተደወለላት። ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አጥማጆቹን ይጠብቅ ነበር አሉ። ሲጠሩት አልተነሣም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

ማሽኑ ግን ይሠራ ነበር። አስከሬኑ ሲገባ ይሠራ ነበር፤ የእድሩ ድንኳን ሲተከል ይሠራ ነበር። ከቀብር መልስ ሴቶች ደግፈው ሲያስገቧት፣ ከጩኸቱ ሁሉ ሥር ያን ቀጭን ድምፅ ሰማችው። ፀደንያ ሞኝ አልነበረችም። አፈሩ ሲመለስ በዓይኗ አይታለች። ሆኖም ፍራሹ ላይ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ጀርባዋን ስታስደግፍ፣ ግድግዳውን የመረጠችው እሷ ናት፤ ከኋላው ክፍል ጋር የሚያዋስነውን።

በማግስቱ የእድሩን ዕቃ የምትቆጣጠረው ጎረቤቷ ሙሉነሽ ሞሰብ አቅፋ መጣች። «ያችን የኋላ ክፍል ክፈቱልኝማ። እንጀራ የማኖርበት አጣሁ።»

«እሷን ክፍል ይተዉልኝ፣ እትዬ ሙሉነሽ» አለች ፀደንያ።

«ኧረ ምን አለባት?»

«ሥራ።»

«ሥራ! በለቅሶ ቤት?» ሙሉነሽ ሞሰቡን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችና ወጣች። ከበሩ ውጭ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያለው የሙሉነሽ ድምፅ ግን ለሁለት ቤት ይበቃል። «እንባ ጠብ ሲል አላየሁባትም እኮ።»

«የተማረ ሰው ወደ ውስጥ ነው የሚያለቅስ» አለች ሌላዋ።

«እንዲያ ከሆነማ ውስጧ ጣና ሆኗል በይኛ።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል በነጠላ አፈኑት። ፀደንያ ሰማች፤ አልከፋትም። የእሷ ወገኖች ሐዋሳ ናቸው፤ መንገዱ ስላልተመቸ ገና አልደረሱም። በዚህ ቤት የተቀመጠው የይትባረክ ወገን ነው። ከሐሙሲት የመጡት እናቱ፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ በቀኟ አጎዛቸው ላይ ሆነው ዳዊት ይደግማሉ። ታላቅ ወንድሙ ምናሴ ከማክሰኝት ደርሶ ድንኳኑን፣ ካህኑን፣ እንግዳውን ሁሉ እሱ ይዟል። አልተቀመጠም። ከተቀመጠ የሚሆነውን የፈራ ይመስላል።

በበሩ ሥር ደግሞ ማንም ያልለያት አንዲት ሴት አለች። ጠዋት ትመጣለች፣ ሲመሽ ትሄዳለች። ንፍሮውን አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች አንገቷን ደፍታ ትውላለች።

«እንዴት ነው የምትዛመዱ?» አለቻት ሙሉነሽ ቆሎ እያዞረች።

«አውቃቸዋለሁ።»

«በምን?»

«በሥራ።»

«ዛሬስ ሥራ በዛ» አለች ሙሉነሽ።

ፀደንያ ሴትዮዋን ታውቃታለች። እናትዓለም ትባላለች። ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ፣ ዲስኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ የመጣች ዕለት ሻይ የሰጠቻት እሷ ናት።

ያን ቀን ይትባረክ ቋጠሮውን ሲፈታ፣ «ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ነበር የጠየቀ።

«ኧረ እኛስ ምንም። መክፈት ሲያቅተን ኮምፒውተሩ ራሱ ‹ዲስኩ ችግር አለበት፤ ልጠግነው?› አለ። ልጠግን ካለማ ይጠግን ብለን አዎ አልነው። ሲጠግን አደረ። ሲነጋ ግማሹ የለም።»

ይትባረክ አልተቆጣም። «የታመመ ሰው ተነሥቶ ቤት እንዲጠርግ አዘዛችሁት ማለት ነው» አላት። ከዚያ የውጭ ሽፋኑን ፈታ። ዲስክ ስለ ራሱ የሚይዘው ምልክት አለ ብሎ አስረዳት፤ ስንት ቦታው እንደ ቆሰለ፣ ስንት ጊዜ ሊያነብ ሞክሮ እንዳቃተው። ኮምፒውተሩን ዝም ብለው ቢያዩት እስከ መጨረሻዋ ቀን «ደህና ነው» ይላል። ዲስኩን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከነሽፋኑ በገመድ ከተሰካ ደግሞ ጥያቄው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሽፋኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ያን ቋንቋ አትተረጉምም። ስለዚህ አውጥቶ በቀጥታ ከማሽኑ ሆድ ጋር አገናኘው፤ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት አስነሣ፤ ጠየቀ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የወረደውን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይተርፋል?» አለች እናትዓለም።

«ዲስኩ አይተርፍም። በውስጡ ያለውን ግን እንለምነዋለን። መጀመሪያ ደህናውን እንቅዳ፤ የቆሰለውን እንዝለለው፤ በኋላ ቀስ ብለን እንመለስበታለን።»

ፀደንያ አሁን ፍራሹ ላይ ሆና ይህን ስታስብ ሌላ ነገር ትዝ አላት። የሰውን ዲስክ ሁሉ የተደበቀ ሕመሙን የሚጠይቅ ሰው፣ ደረጃ ሲወጣ መቆም ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። «ሐኪም እንይ» ስትለው «ይቺን ልጨርስና» ይላት ነበር። ሁልጊዜ አንዲት «ይቺ» ነበረች።

የተዋወቁትም በዲስክ ነው። የማስተርስ ጽሑፏ ሊያልቅ ሲል ዲስኳ ተበላሸ፤ ሰው ጠቁሟት ወደ እሱ መጣች። ብዙ ቀን አቆይቶ ሲጠራት የመጀመሪያ ቃሉ «ሦስተኛው ምዕራፍ የለም» የሚል ነበር። የዳነውን አልተናገረም፤ የጎደለውን እንጂ። እሷ በድንጋጤ ቆማ ሳለች፣ «የቀረው ሁሉ አለ» ብሎ ጨመረ። ለምን ከጎደለው እንደሚጀምር ከተጋቡ በኋላ ጠየቀችው። «ሰው የጎደለበትን ሳያውቅ ደስ ካለው ሁለት ጊዜ ይጎዳል» አላት። በሥራው ሁሉ እንዲህ ነበር። ርክክብ ላይ ከጎደለው ይጀምራል።

ካህኑ ለጸሎት የመጡት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ጸሎቱ መሀል ሳለ አምፖሉ ጠፋ፤ ወዲያው ከኋላው ክፍል «ጢጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቆየና እንደገና፣ «ጢጥ።»

ዩፒኤሱ ነው። ፀደንያ አወቀችው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ ተሸክሞ ያቆየዋል፤ ግን እየጮኸ ነው።

«ስልካችሁን አጥፉ እንጂ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ስልክ አይደለም፤ ከወዲያ ነው።»

«በሰው ለቅሶ!»

ጢጥ። ካህኑ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ፀደንያ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ጨበጠች። ባሏን የቀበረች ሴት በጸሎት መሀል ጥላ አትወጣም። አሁን ይመጣል፤ መብራቱ አሁን ይመጣል አለች በልቧ። ምናሴ ከድንኳኑ በኩል በፍጥነት ሲያልፍ በመስኮቱ አየችው። ጢጡ ቆመ።

አምፖሉን ቀና ብላ አየች። አልበራም።

ከዚያም ከጀርባዋ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ያ ቀጭን ድምፅ እንደሌለ ሰማች።

«አሜን» ሳይባል ወጣች። እማሆይ «ወዴት ነው ልጄ?» ሲሉ አልመለሰችም። ምናሴን ከኋላው ክፍል ሲወጣ በሩ ላይ አገኘችው።

«ምን አደረጉ፣ ጋሽ ምናሴ?»

«ዝም አሰኘሁት። ካህን ቆሞ እየጸለየ ማሽን ይጮሃል እንዴ? ቴሌቪዥኑን ዘጋን፣ ሬዲዮውን ዘጋን። ይሄ ብቻ ምን ሆኖ ቀረ?»

«ወረቀቱን አላዩትም?»

«የምን ወረቀት? መስኮቱ ተዘግቶ ጨለማ ነው። ቁልፉን ዳብሼ ተጫንሁት። ገመዱንም ነቀልሁት፣ አንድ ነገር እንዳያስከትል ብዬ።»

ፀደንያ በሩን ይዛ ቆመች። «ማን እንዳስጀመረው ያውቃሉ?»

«ማን?»

«ይትባረክ ነው። ያን ዕለት ጠዋት።»

ምናሴ ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው። ትከሻው ሲወርድ አየችው። «እኔ ለክብሩ ብዬ ነው እኮ» አለ። «ወንድሜ ሞቶ ቤቱ ሲጮህ… ለክብሩ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ተከትለው ወጥተው በረንዳው ላይ ተሰብስበዋል። እናትዓለም ከሁሉም ኋላ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እሷ ሆነች። «ተዪው እህቴ። የኔ ነገር ይቅር። እኔ ለለቅሶ ነው የመጣሁ።»

«ለለቅሶ ብቻ ነው?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «መጠየቁን አፍሬ ነው። ሰው ሞቶበት ዕቃዬን ስጡኝ ይባላል?»

«ነገ ከሠልስት በኋላ ፒክአፕ ይመጣል» አለ ምናሴ፣ ሁሉንም ለማስታረቅ እንደሚሻ ሰው። «ዕቃውን ጭነን፣ አንቺም እስከ አርባው እማሆይ ዘንድ ትቀመጫለሽ ብለን ተማክረናል። ያን ጊዜ ተረጋግቶ ባለሙያ ይፈለግለታል።»

«በዚያ መንገድ ተንገጫግጮ ከሄደ ማንም አያስነሣውም» አለች ፀደንያ። «አሁንም ከቆመ በኋላ መነሣቱን እኔ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ሐዘንተኛ ሥራ ይነካል? ሰው ምን ይላል?»

እማሆይ ወለተ ሥላሴ በሴቶቹ መሀል መጡ። ዳዊታቸውን በጣታቸው እንደ ያዙ ነበር።

«የማን ነው ዕቃው?» አሉ።

«የእኔ ነው፣ እማሆይ» አለች እናትዓለም። «የአባቴ ድምፅ አለበት። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ዘጌ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ካምና ወዲህ አንደበታቸው ተያዘ። ተማሪዎቹ ከፊታቸው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው በእጃቸው ብቻ ጉልበታቸውን እየመቱ ያዜማሉ። እጃቸው ይሄዳል፤ ድምፅ የለም። አንደበታቸው ሳይያዝ የቀዳሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው ያለ።»

ሙሉነሽ እንኳ ነጠላዋን በአክብሮት አጣፋች።

«ልጄ የጀመረው ነው?» አሉ እማሆይ ወደ ፀደንያ ዞረው።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ደንብ ነው።» አሰቡ። «ይህ ግን የእሱ ሥራ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። የሱን ጨርሺለት።»

አጎዛቸውን አስመጥተው በኋላው ክፍል ደጃፍ ላይ አነጠፉና ተቀመጡ። «እንግዲህ የሚገባ ቢኖር በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

መብራት የመጣው ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ነው። ፀደንያ ገመዱን ሰካች፤ ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ተነሣ። ዲስኩ ግን «ቀጭ» አለ። «ቀጭ። ቀጭ።» መርፌ ጥርስ ላይ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ነው። ይትባረክ ይህን ሲሰማ እጁ ከአሳቡ ይቀድም ነበር፤ እያንዳንዷ ቀጭታ የምትቧጥጠው ነገር አለ ይል ነበር። አጠፋችው።

ከደጃፉ እማሆይ በዝግታ ይደግማሉ። አንድ መዝሙር እስኪያልቅ ጠበቀች። ሊነሣ የሚችለው ምናልባት አንድ ጊዜ ነው። አንድም ላይሆን ይችላል።

ያን ጊዜ ነው ያየችው። ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ሁለቱ መጻሕፍት መሬት ወድቀዋል። ምናሴ በጨለማ ቁልፉን ሲፈልግ ጥሏቸው፣ ዲስኩንም ወድቆ እንዳይሰበር ብሎ በደንብ አስተኝቶት ሄዷል። ይትባረክ ግን ከዚህ ዲስክ ጋር ብዙ ታግሎ፣ በጠርዙ ሲቆም ብቻ እንደሚረጋ ደርሶበት ነበር። «ይሄ ሽማግሌ ጎኑን ያመዋል» ብሎ አስቋታል።

መጻሕፍቱን አነሣች። ዲስኩን እንደ ነበረው አቆመችው። ቁልፉን ተጫነች።

ቀጭ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ከማራገቢያው ሥር፣ እንደ ሩቅ ንብ፣ ድምፁ መጣ።

«ተነሣ?» አሉ እማሆይ ከዳዊታቸው ሳይነሡ።

«ተነሣ።»

ጥቁሩ ስክሪን መጣ። ትእዛዙን በቃሏ አታውቀውም፤ እሱ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጣ ታይ ነበር እንጂ። ግን አንድ ነገር ታውቃለች። መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ፣ የጻፈው መስመር ሁሉ ወዲያው እንዲቀመጥ አድርጎ ነበር። ወደ ላይ የምታሳየውን ቁልፍ ነካች። የመጨረሻው መስመር ብቅ አለ። የይትባረክ እጅ እንደ ጻፈው፣ ሳይጎድል ሳይጨምር። በመስመሩ መጨረሻ፣ ለሰው ቅጂ ሁሉ የሚሰጠው ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ አደራ።

ጣቷ በአየር ላይ ቆየ። እስክትጫነው ድረስ መስመሩ የእሱ ነው። ከተጫነችው በኋላ የእሷ ይሆናል።

ተጫነችው።

ማሽኑ የት እንደ ደረሰ ያስታውሳል። ከመጀመሪያው አልጀመረም፤ ይትባረክ ካቆመበት ቀጠለ። የቀረው ትንሽ ነበር፤ የቆሰለው፣ የተዘለለው። አንዷን ቦታ ይሞክራል፣ ይቀራል፤ ይመለሳል፣ ይሞክራል። ምናሴ ወደ ደጃፉ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጭንቅላቱን በጉልበቱ ላይ ደፋና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማሆይ ዳዊቱን ሳያቋርጡ እጃቸውን ማጅራቱ ላይ ጣሉ።

በሠልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሥራው ማለቁን አየች። ቅጂውን በሌላ ዲስክ ላይ አድርጋ እናትዓለምን አስጠራቻት። ሴትዮዋ በእማሆይ አጎዛ ጥግ አልፋ ገባች። ለመቆም የፈራች ይመስል ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«የጾመ ድጓው ዜማ የመጨረሻ ትምህርት የለም» አለች ፀደንያ። «የደብረ ዘይቱም መሀል ላይ ይቆረጣል። ሞክሮ አቃተው።»

እናትዓለም የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«የቀረው ሁሉ አለ።»

ለቅሶ ቤት ስለሆነ ድምፅ አልከፈተችም። የጆሮ ማዳመጫውን በሴትዮዋ ሻሽ ሥር አስገባችላትና አስጀመረችው። እሷ አልሰማችም። ያየችው እጅ ብቻ ነው። የእናትዓለም ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጉልበቷን መታ፤ ተነሣ፤ መታ። ዓይኖቿ ተጨፍነው እንባዋ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ እጇ አልሳተም።

ምናሴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እስክትሄድ ጠበቀ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «የይትባረክስ ድምፅ… እዚያ ውስጥ የለም?» አለ።

«የለም፣ ጋሽ ምናሴ። የሰውን እንጂ የራሱን አልቀዳም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። እድርተኞቹ ካስማውን እየነቀሉ ነበር።

ፀደንያ ማሽኑን እሱ እንደሚያደርገው በትእዛዝ አጠፋችው። ዲስኩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። ማራገቢያው ተከተለው። ገመዱን እንደ እሱ በመዳፏና በክርኗ መካከል ጠቀለለችው። «እንዳይጠፋ» የሚለውን ወረቀት ከፕላስተሩ ጋር ቀስ ብላ ላጠችው፤ አጥፋ ከደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«አለቀ?» አሉ እማሆይ ከደጃፉ።

«አለቀ፣ እማሆይ።»

ክፍሉን ዞራ አየች። ጠረጴዛው አለ። ሁለቱ መጻሕፍት አሉ። የሻይ ብርጭቆው መስኮቱ ላይ አለ።

ይትባረክ የለም።